የሦስት ጣት ዓይን

በደርግ ዘመን በየትምህርት ቤቱ «እጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር። ተማሪው ከቤቱ አንድ ነገር ሠርቶ ያመጣል፤ ሴቶቹ ሰፌድና ሙዳይ፣ ወንዶቹ ጅራፍ፣ ወንጭፍ፣ መጥረጊያ፣ ገመድ። መምህሩ ማርክ ይሰጣል፣ ዕቃው ቢሮ ጥግ ይከመራል፣ ሴሚስተሩ ያልቃል። ከመጣው ዕቃ ብዙው እናት የሰፋችው ወይም አያት የገመዱት እንደሆነ መምህሩም ተማሪውም ያውቁታል። ከማሠልጠኛ ወጥቼ ማክሰኝት ስመደብና ይህን ክፍለ ጊዜ ስረከብ ልጆቹ ቢያንስ አንድ ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በገዛ ጣታቸው፣ ከጥሬው ጀምረው እስኪያልቅ እንዲሠሩ ፈለግሁ። ያ ነገር መረብ ሆነ።

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። ምሥራቋ ተራራ ነው፤ ምዕራቧና ደቡቧ ጥቁር አፈር ያለው ሜዳ ሆኖ ወደ ጣና ይንሸራተታል። ጤፍና ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርትም የሚያበቅል አገር ነው። ጠዋት ተነሥቶ የሄደ እግረኛ ሐይቁ ዳር ደርሶ ያርፋል። ሆኖም የዚያ አገር ገበሬ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ነው የሚኖር። ዓሣ በጾም የከተማ ሰው የሚገዛው ነገር ነው፤ የገበሬ ልጅ አያሰግርም። ማስገር፣ ታንኳ መሥራት፣ መረብ መቋጠር «የወይጦ ሥራ» ይባላል፤ በዚህ አባባል ውስጥ ያለው ንቀት ደግሞ ከልጅ እስከ አዋቂ ሁሉም አፍ ላይ ነበር።

ነገደ ወይጦ በጣና ዙሪያ፣ በጎርጎራ፣ በባሕር ዳር፣ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻዎች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና ጠፍረው ታንኳ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ከሆነ ቆይቷል። ጎረቤቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር የሚለውን ምክንያት አድርገው በአንድ ማዕድ አይቀርቡላቸውም ነበር። እኔም ጎንደር ከተማ ውስጥ ያደግሁ ሰው ስሆን፣ ሐይቁን በልጅነቴ ለሽርሽር ከማየት በቀር ስለ ሰዎቹ የማውቀው ከዚህ ወሬ ያለፈ አልነበረም።

መረብ ያስተማሩኝን ሰው ያገናኘኝ መሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መምህራን ማታ ማታ ጎልማሶችን እናስተምር ነበር። ከሚመጡት መካከል ከሐይቁ ዳር ዓሣ ይዘው እየወጡ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን አይተን «አያ» እንላቸዋለን። ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጥቁር ሰሌዳውን እያዩ፣ ፊደሉን ከሌሎቹ ጋር እየጮሁ፣ እጃቸው ግን ከጉልበታቸው ላይ የተቀደደ መረብ ይጠግናል። ጣታቸውን አያዩትም። እኔ «ሀ ሁ»ን ስጽፍ እሳቸው ቋጠሯቸውን ይቋጥራሉ። አንድ ማታ ትምህርቱ ካበቃ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ የምቀልድ መሰላቸው። ከዚያ መርፌውን ሰጡኝ።

በማግሥቱ ርእሰ መምህሩን ስለዚህ አነጋገርሁ። ጊዜው ትምህርት ከምርት ጋር ይያያዝ የሚባልበት ስለነበር ፈቃዱ አልከበደም። የከበደው ሌላ ነው። አያ ክፍል ገብተው ካስተማሩ በኋላ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ሲቀርብ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ከሚጠጡት ሰዎች መካከል አንዱ ለእሳቸው በቆርቆሮ ኩባያ አድርጎ ውጭ ዛፍ ሥር አኖረላቸው። አያ ምንም ሳይሉ እዚያው ጠጡ። እኔም ኩባያዬን ይዤ ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻያችንን የምንጠጣው ዛፉ ሥር ሆነ፤ ቆይተው ሁለት ሌሎች መምህራን ተጨመሩን።

ሥራው ከክር ይጀምራል። በግቢው አጥር ዙሪያ ቃጫ ተተክሎ ነበር። ልጆቹ ቅጠሉን ቆርጠው፣ በድንጋይ ቀጥቅጠው፣ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በደነዘ ቢላዋ ይፍቁታል። የሚወጣው አረንጓዴ ውኃ እጅን ያሳክካል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ እከክ ነበር። ጭረቱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጭን ላይ ይከረራል። ሁለቱን ጭረት ለየብቻ ወደ አንድ ጎን አክርሮ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን መግመድ ነው፤ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ያጠብቀዋል። ይህን ገመድ የሚገምድ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለምን እንደሚይዝ የጠየቀ ተማሪ ግን በክፍሌ ውስጥ ያኔ ነው ያየሁት።

መርፌው ከቀርከሃ ይፈለጣል፤ አንዱ ጫፍ ሹል፣ መሐሉ ምላስ ያለው፣ ክሩ በምላሱና በታችኛው ጫፍ መካከል ይጠመጠማል። መለኪያው ደግሞ ከክትክታ የተላገ ጠፍጣፋ እንጨት ነው። የመረቡን ዓይን ስፋት የሚወስነው ይህ እንጨት ነው። ቋጠሮው ሲነገር ይከብዳል፣ ሲያዩት ይቀላል። መርፌው ከላይኛው ዓይን ሥር ይወጣል፣ ክሩ በመለኪያው ጫፍ ላይ በአውራ ጣት ይያዛል፣ መርፌው ከሁለቱ ክሮች ጀርባ ዞሮ በራሱ ቀለበት ያልፋል፣ ከዚያ ይሳባል። አውራ ጣቱ ቀድሞ ከለቀቀ ቋጠሮው ይንሸራተትና ዓይኑ ይሰፋል፤ አንድ የተንሸራተተ ቋጠሮ ዓሣ የሚያመልጥበት በር ነው። አያ የተማሪውን መረብ ተቀብለው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል፤ የላላውን ቋጠሮ አግኝተው፣ ለመፍታት እንኳ ሳይሞክሩ እስከዚያ ድረስ ያለውን ሁሉ በምላጭ ያወርዱታል። ልጆቹ ያለቅሱ ነበር። አንድም ቀን ግን ክፉ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

መጀመሪያ የሠራነው ለትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ መረብ ነው። ርዝመቱ 9 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሜትር፤ የቃጫው መረብ በዝናብ እየረጠበ ቢረግብም ልጆቹ ኳሱን በእጃቸው ሥራ ላይ እያሻገሩ የሚጫወቱበትን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ለዓሣው ቃጫ ቶሎ ስለሚበሰብስ አያ ሌላ ክር አሳዩን። ከመንገዱ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ እንለምናለን። ላስቲኩን በረባሶ ሠሪው ይወስዳል፤ ከውስጡ ያለውን የናይለን ክር እኛ በፒንሳ እየመዘዝን እናወጣለን። ጠንካራ ነው፣ ውኃ አያበሰብሰውም። ለማንሳፈፊያ የደረቀ ደንገልና የጫማ ቁራጭ፣ ለማስመጫ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አሰርን።

ስለ መለኪያው እንጨት ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። አያ ለሁላችንም የቆረጡልን መለኪያ ወርዱ ሦስት ጣት ነበር። የእሳቸው ሦስት ጣት ማለቴ ነው። ልጆቹ ቶሎ እንዲያልቅላቸው ሰፊ፣ ወይም ብዙ ዓሣ እንዲይዝላቸው ጠባብ ማድረግ ይፈልጋሉ። አንዱ ልጅ በሁለት ጣት ሠርቶ አመጣና፣ «አያ፣ ይሄ ትንሹንም ይይዛል» አላቸው። እሳቸውም፣ «ትንሹን ዘንድሮ ከበላኸው ለከርሞ ማንን ትይዛለህ? እኔ እኮ እንደ አባትህ ዘር አልዘራም። የእኔ ዘር ያመለጠው ነው» ብለው መለሱለት። የገበሬ ልጆች ናቸውና ዘር የሚለው ቃል ገባቸው። ዘር የሚበላው ምን ሲመጣ እንደሆነ ያውቃሉ።

አያ ክረምት ላይም ከወንዝ አፍ መረብ አይጥሉም ነበር። በጣና ውስጥ አገሬው «ነጭ ዓሣ» የሚላቸው ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ መገጭና አርኖ ጋርኖ ያሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ላይ የሚወርድ የጠራ ውኃ ፈልገው ይራባሉ። በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል። የላይኞቹ መንደሮች ልጆች ደግሞ ብርብራ ወቅጠው ኩሬ ውስጥ ይበትኑ ነበር፤ ዱቄቱ ትልቁንም ትንሹንም አፍዝዞ ያንሳፍፈዋል። አያ ስለዚህ ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል። ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ስለ ብርብራ ብቻ ነው።

ተቃውሞው ከወላጆች በኩል መጣ። አንድ አባት ዱላቸውን ይዘው እስከ ክፍሉ በር መጡና፣ «መምህር፣ አንቱ የተማራችሁ ሰው ናችሁ። ልጄን ቀለም እንዲቆጥር ነው የሰደድሁት። ወይጦ አድርጋችሁ ልትመልሱልኝ ነው?» አሉኝ። አያ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። ለአባትየው መልስ ከመስጠት ልጁን ጠራሁትና አባቱ ፊት ሒሳቡን እንዲሠራ አደረግሁት። ተለጥጦ 40 ክንድ የሆነ መረብ ዓይኑ እንዲከፈት ገመድ ላይ ሲሰቀል 20 ክንድ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ዓይን ይህን ያህል ስፋት ካለው ስንት ዓይን፣ ስንት ቋጠሮ፣ ስንት ክንድ ክር ይፈልጋል? ልጁ በጠመኔ እያባዛና እያካፈለ ሰሌዳውን ሞላው። አባትየው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ መረቡን በእጃቸው ያዙት፣ ሳቡት፣ ቋጠሮውን አገላብጠው አዩና ወደ አያ ዞሩ፤ «ይሄ ለጭድ መሸከሚያ ይሆናል?» አያም፣ «ዓይኑን ጠበብ፣ ክሩን ወፈር አድርጎ ነው» አሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ጭድ መነጋገር ጀመሩ። እኔ ትምህርቴን ቀጠልሁ።

ሴቶቹ ልጆች በዚያ ሰዓት የቤት ባልትና ነበር የሚማሩት። አንዷ ግን በመስኮት ስታይ ሰንብታ እንድትገባ ጠየቀችኝ። ከስፌት የመጣ እጅ ስለነበራት ወንዶቹ ወር የፈጀባቸውን ቋጠሮ በጥቂት ቀን ያዘችው። አያ የእሷን መረብ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲዳስሱ ምላጩን አላነሡም። ያኔ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

1977 ዓ.ም. ሲመጣ ይህ ሁሉ ከማርክ ያለፈ ሆነ። ድርቁ በወሎና በትግራይ የከፋ ቢሆንም የሰሜን ደጋዎችንም አልማረም። ከላይ አገር የተፈናቀለው ሰው በመንገዱ ይጎርፋል፤ ብዙው ኢብናት ወደ ተከፈተው መጠለያ ይሄድ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የመጠለያው ሰዎች በግድ ተበተኑና ተመልሰው በመንገዱ ላይ አየናቸው። ያየሁትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም። ከክፍሌ ብዙ ወንበር ባዶ ሆነ። ከቆላው፣ ከሐይቁ ዳር ካሉት ቀበሌዎች የሚመጡት ልጆች ቅዳሜና እሑድ መረባቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። ቀረሶና አምባዛ ይዘው፣ የተረፈውን ሰንጥቀው፣ ጨው ነስንሰው ቋንጣ ያደርጉታል። ቋንጣው እህል ይለወጥበታል። ያ ክፉ ቀን በመረብ ታለፈ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የእርዳታ ስንዴም ነበር፣ ዘመድም ነበር፣ ያላለፉትም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል የተመለሱት ልጆች እነማን እንደነበሩ ስም በስም አስታውሳለሁ፤ ዓሣ አንበላም ይሉ የነበሩ ቤቶችም በዚያ ዓመት በልተዋል። ያ አባት ከጭድ መሸከሚያው ሌላ በሦስት ጣት ዓይን የተሠራ መረብ ከልጃቸው ተቀብለው ሐይቁን የወረዱት ያኔ ነው። የማስገሪያውን ቦታ ያሳዩዋቸው አያ ናቸው።

በ1978 ዓ.ም. በባሕር ዳር በኩል ሌላ ነገር ተጀመረ። ከሆላንድ የመጣ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት ከእርሻ ሚኒስቴርና ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ የሞተር ጀልባና በፋብሪካ የተሠራ ረጅም የናይለን መረብ ወደ ጣና አስገባ። በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ ይደረስበት የነበረው ሐይቅ መሐሉ ተከፈተ፤ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆነ፣ ከተማው ዓሣ ለመደ። ይህን ጥቅም አልክድም። ጉዳቱ ቆይቶ ታየ። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ በክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰዋል፤ ታዳጊዎቹ ደግሞ ከዚያም በከፋ መጠን አልቀዋል። ዋናው ምክንያት በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ የሚጣለው መረብ ነው። ጥናቱን ሳነብ አያ ትዝ አሉኝ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ም መሣሪያውን በሕግ ለመያዝ የታሰበበት ነው።

አሁን ሐይቁ ዳር የሚበዛው በሱዳን በኩል የሚገባው፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነጠላ ክር ያለው መረብ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ዓሣው አያየውም፤ ዓይኑ ጠባብ ነው። ሲቀደድ አይጠገንም። የሚጠግነው ቢኖር እንኳ ከድካሙ አዲስ መግዛት ይቀለዋል። ስለዚህ ውኃው ውስጥ ይተዋል፤ ባለቤት የሌለው መረብ ግን አያርፍም፣ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። በዚህ ላይ በ2004 ዓ.ም. መባቻ በመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ የታየው እምቦጭ የሚባል የውኃ አረም አለ፤ ደምቢያን፣ የእኛን ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ተከትሎ ዳርቻውን ሲሸፍን መረብ መጣያ ቦታ አሳጥቷል። እምቦጩን በእጁ የነቀለ ገበሬ፣ ተማሪና ወታደር ስንት እንደሆነ ያየነው ነው።

መረብን በእጁ የቋጠረ ሰው ሐይቅ ውስጥ ጥሎት አይሄድም ብዬ አምናለሁ። ለአንድ መረብ ከገና እስከ ፋሲካ ማምሻውን የሰጠ ልጅ የእያንዳንዱን ዓይን ስፋት ያውቀዋል፤ ለምን ያን ያህል እንደሆነም ተነግሮታል። የሰው ልጅ ይህን ልክ ሲያውቅ ስንት ዘመኑ ነው! እ.ኤ.አ. በ1913 ያኔ በፊንላንድ ግዛት በነበረችው አንትሪያ አንድ ገበሬ ቦይ ሲቆፍር ያገኘው መረብ ከ10,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የተሠራው ከዛፍ ልጥ ነው። የዓይኑ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያነበብሁ ዕለት የአያን መለኪያ ከመሳቢያዬ አውጥቼ በማስመሪያ ለካሁት፤ 5 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ሆነ። የዚያ መረብ ባለቤትና የጣናው ሽማግሌ ልካቸው ይህን ያህል መቀራረቡን ሳይ ለብዙ ሰዓት ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

በመስኮት ታየን የነበረችው ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። ለነጭ ሽንኩርት ነጋዴዎች አየር የሚያስገባ የመረብ ከረጢት ትቋጥራለች። ቃጫ አግኝታ ከሆነ በቃጫ፣ ከጠፋ ከማዳበሪያ ጆንያ በምትመዘው ክር ትሠራለች። ልጆቿንም አስተምራለች። አብዛኞቹ ሌሎች ተማሪዎቼ ተበትነዋል። አያ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ስማቸውን በራሳቸው እጅ መጻፍ ችለው ነው ያረፉት።

ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲወራ የሙያ ትምህርት መመለሱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በሌላ በኩል በክልላችን በግጭት ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤት ብዛት ልብ ይሰብራል፤ ሲከፈት የሚመለሰው ልጅ ዓመታት አልፈውት፣ ቤቱም ደክሞ ነው የሚመለስ። እሱን ልጅ ከቀለሙ ጋር ወዲያው የሚያበላውን የእጅ ሥራ ማስተማር ግዴታችን ይመስለኛል። ለጣና አካባቢ ትምህርት ቤቶች፣ ለማክሰኝትም፣ ለጎርጎራም፣ ለቆላ ድባም፣ ይህ ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። ቃጫው አጥር ላይ አለ፣ ቀርከሃው ይገኛል፣ ከመጽሐፍ የማይገኘው የሚያስተምረው ሰው ነው። መረብ በእጃቸው የሚጠግኑ ሽማግሌዎች ሐይቁ ዳር ጥቂት ቀርተዋል። እነሱን በሕይወት ሳሉ መጥራት፣ እንደ ማንኛውም መምህር የሰዓት ክፍያ መክፈል፣ በተማሪ ፊት መምህር ብሎ መጥራት ይገባል። ሻያቸውንም መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ይጠጡ።